ጓሮ የማይደርስ ራውተር

(ደሴ፣ የድንጋይ ቤት ሳሎን፣ ከቀትር በኋላ፤ ጡረታ የወጣው የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ጋሽ ይመርና ኢንተርኔት ልትገጥም የመጣችው ሐያት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የራውተር ካርቶን መሃላቸው አድርገው ይከራከራሉ፤ በዚያው ግቢ፣ ከጓሮ በኩል ባለው ቤት የጋሽ ይመር ልጅ እንድሪስ ከሚስቱ ከሉባባና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራል።)

ጋሽ ይመር፦ ትንሹን አልኩሽ፣ ትንሹን! ስንቴ ልድገመው?

ሐያት፦ ጋሽ ይመር፣ ትንሹ እኮ ከዚህ ሳሎን አይወጣም።

ጋሽ ይመር፦ ማን ውጣ አለው? እኔስ ከዚህ ሳሎን እወጣለሁ እንዴ?

ሐያት፦ ልጅዎ ሲደውልልኝ “ጓሮ ያለው ቤት ድረስ የሚደርስ አምጪ” ነው ያለኝ። ትልቁን ያን ሁሉ ዳገት ተሸክሜ የመጣሁት ለዚያ ነው። ትንሹን ምናልባት ብዬ ነው የያዝኩት።

ጋሽ ይመር፦ ምናልባትሽ ደረሰችልሽ። ክፈቻት።

ሐያት፦ ቆይ፣ ልዩነታቸውን ልንገርዎት፣ ከዚያ ይመርጣሉ።

ጋሽ ይመር፦ ንገሪኝ። እኔ ወሬ አልጠግብም፤ የሚያወራኝ ነው የጠፋው።

ሐያት፦ ሁለቱም ሁሉን በአንድ የያዙ ናቸው። ከስልኩ ሽቦ ኢንተርኔቱን የሚቀበለው ሞደም፣ ለየሰዉ የሚያከፋፍለው ራውተር፣ በአየር የሚለቀው ዋይፋይ፣ ሁሉም እዚህች ሳጥን ውስጥ ናቸው። ድሮ ለየብቻ ነበር የሚገዛው።

ጋሽ ይመር፦ ሦስት ሥራ የያዘ ሰው አንዱንም አይሠራም። መናኸሪያ ሳለሁ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን፤ ትኬት ይቆርጣል፣ ጭነት ይጭናል፣ በር ይጠብቃል። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ትኬት ቤት ስትፈልጊው ጣሪያ ላይ ነው ይሉሻል፣ ጣሪያ ላይ ስትፈልጊው በር ላይ ነው ይሉሻል፤ እሱ ግን ሻይ ቤት ተቀምጧል።

ሐያት፦ ይሄኛው ሻይ አይጠጣም።

ጋሽ ይመር፦ ይሄ ቀንዳሙስ ምንድን ነው?

ሐያት፦ ቀንድ ሳይሆን አንቴና ነው፣ ትልቁ ማለት እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ግድግዳ ቢገጥመውም አልፎ ይሄዳል። ትንሹ ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ደክሞት ይቀራል።

ጋሽ ይመር፦ በቃ እኔን የመሰለውን ስጪኛ! ደካማ ለደካማ እንግባባለን።

ሐያት፦ ጋሽ ይመር!

ጋሽ ይመር፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው እኮ ይሄ። ደግሞ ይሄ ሁሉ ቀንድ መብረቅ ይጠራል። የደሴን ክረምት መቼም ታውቂዋለሽ።

ሐያት፦ ጣሪያ ላይ አይደለም እኮ የምሰቅለው። ቤት ውስጥ ያለ አንቴና መብረቅ አይጠራም።

ጋሽ ይመር፦ ጨረሩስ? የልጅ ጭንቅላት ለስላሳ ነው። ኢክራም ገና ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ረያን ደግሞ ጥርሱን ገና እየነቀለ ነው።

ሐያት፦ ጨረር ቢያሳስብዎት ኖሮ ትንሹንም አይሉኝም ነበር።

ጋሽ ይመር፦ እሺ፣ ጎረቤትስ? አጥር ዘሎ ለሰፈሩ ሁሉ ሲደርስ ሰው ዝም ብሎ ያየዋል? ይጠባዋል እንጂ።

ሐያት፦ የይለፍ ቃል አለው። ቃሉን ያላወቀ አይገባም።

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ደግሞ ለሁሉም መልስ አለሽ።

ሐያት፦ እርስዎም ለሁሉም ሰበብ አለዎት። እስቲ የተቃጠለውን ያሳዩኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?

ጋሽ ይመር፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ያቃጠለው። ለእንድሪስም ነግሬዋለሁ። የሞተ ሞተ፤ ሬሳው ምን ያደርግልሻል?

ሐያት፦ ለምን እንደሞተ ካላወቅኩ አዲሱም ይከተለዋል። የት ነው ያለው?

ጋሽ ይመር፦ ቡፌው ውስጥ።

ሐያት፦ ቡፌ ውስጥ? ከብርጭቆዎቹ ጋር?

ጋሽ ይመር፦ ታዲያ የከበረ ዕቃ የት ይቀመጣል? ቁልፉ ይኸው።

ሐያት፦ ቢስሚላህ... ጋሽ ይመር፣ ምንድን ነው ያለበሱት?

ጋሽ ይመር፦ ዳንቴል ነዋ። የዘምዘም እጅ ሥራ ነው። ቴሌቪዥኑን እይው፣ ለብሷል፤ ፍሪጁም ለብሷል። ሚስቴ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አትወድም ነበር። ራውተር የገባው እሷ ካለፈች በኋላ ነው፤ ብትኖር በልኩ ትሠራለት ነበር ብዬ የሬዲዮኑን አውልቄ አለበስኩት።

ሐያት፦ አላህ ይዘንላቸው፣ እጃቸው ያምራል። ግን ይሄ ዕቃ እንደ ሰው ይተነፍሳል። እነዚህን ቀዳዳዎች ያዩዋቸዋል? ሙቀት የሚያወጣው በእነሱ ነው። በተቆለፈ ቡፌ ውስጥ፣ ዳንቴል ተደርቦለት፣ ቀን ከሌት ሲሠራ... ይኸው፣ ሥሩ ቀልጧል። መብራት አይደለም የገደለው፣ ታፍኖ ነው የሞተው።

ጋሽ ይመር፦ ዳንቴል እኮ ሁለመናው ቀዳዳ ነው!

ሐያት፦ አራት ቦታ አጥፈውት የቱ ቀዳዳ ይቀራል? እሺ፣ ዳንቴሉስ ይሁን። ይሄ ትሪ ምን ይሠራል?

ጋሽ ይመር፦ የቱ ትሪ?

ሐያት፦ ከጀርባው የቆመው። የእንግዳ ምግብ የሚቀርብበት ትልቁ ትሪ።

ጋሽ ይመር፦ እሱማ... አቧራ እንዳይገባው ነው።

ሐያት፦ የተቆለፈ ቡፌ ውስጥ?

ጋሽ ይመር፦ የደሴ አቧራ ቁልፍ ይከፍታል።

ሐያት፦ አንድም አይደለም፣ ሁለት ነው። ተደርበው በሽቦ ታስረዋል። ደግሞ በጓሮ በኩል ብቻ ነው የቆሙት፤ በሳሎን በኩል ምንም የለም። የደሴ አቧራ የሚመጣው ከጓሮ ብቻ ነው?

ጋሽ ይመር፦ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ።

ሐያት፦ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ብረት ሲግናል እንደሚከለክል ማን ነገረዎት?

ጋሽ ይመር፦ ማንም አልነገረኝም። መናኸሪያ የመገናኛ ሬዲዮ ነበረን። አውቶቡስ መጥቶ ከጎናችን ሲቆም ድምፁ ድርግም ይላል፤ አውቶቡሱ ሲሄድ ይመለሳል። እዚያ ነው ያወቅኩት።

ሐያት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ይሄን እያወቁ ነው መብረቅ፣ ጨረር፣ ጎረቤት ሲሉኝ የቆዩት?

ጋሽ ይመር፦ በሩን ገፋ አድርጊው። ሉባባ ጓሮ ቤቷ ናት፣ ትሰማናለች።

ሐያት፦ ይኸው፣ ዘጋሁት።

ጋሽ ይመር፦ ያንን ራውተር የገጠመው ሰው እዚያ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለው። ጓሮ ድረስ ደረሰ፤ ሉባባ ያኔ ይሄን የኢንተርኔት ሥራ አልጀመረችም ነበር። ሁሉም ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን የማያቸው በመስኮት ሆነ፤ ቦርሳ አንግተው ሲወጡ፣ ቦርሳ አንግተው ሲገቡ። እንድሪስም በደጄ ሲያልፍ “አባ፣ ሰላም ነህ?” ይለኛል። “ሰላም ነኝ” እለዋለሁ። ሰላም ነኝ ያለ ሰው ጋ ማን ይቆማል?

ሐያት፦ እውነት ነው፣ ማንም አይቆምም።

ጋሽ ይመር፦ ለረመዳን ቤቱ ቀለም ሲቀባ ያንን ነገር ከመስኮቱ አንስቼ ቡፌው ውስጥ አስቀመጥኩት። ተንኮልም አልነበረኝም፣ ቀለም እንዳይነካው ብዬ ነው። ማታውን ኢክራም መጣች። “አባባ፣ እኛ ቤት ይቆራረጣል፣ እዚህ ልቀመጥ?” አትለኝም? አስቢው፣ የልጄ ልጅ በገዛ ቤቷ “ልቀመጥ?” ትላለች። በማግስቱ ወንድሟን አስከትላ መጣች። ቀለሙ ደረቀ፣ እኔም ራውተሩን ወደ መስኮቱ መመለሱን ረሳሁት።

ሐያት፦ ረሱት?

ጋሽ ይመር፦ ሰው መርሳት የሚፈልገውን ይረሳል።

ሐያት፦ ትሪውስ መቼ መጣ?

ጋሽ ይመር፦ ሉባባ አንድ ቀን “ዛሬስ እኛም ጋ ትንሽ ትንሽ ይሠራል” ስትል ሰማሁ። ደነገጥኩ። ያኔ ነው ትሪ የጨመርኩት።

ሐያት፦ ሁለተኛውንስ?

ጋሽ ይመር፦ እንድሪስ ስልክ ሲቀይር። አዲሱ ስልክ ብርቱ ነበር።

ሐያት፦ ወይ ጋሽ ይመር!

ጋሽ ይመር፦ አትሳቂብኝ። ሁሉም ይመጡ ነበር እኮ። ሉባባ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ትዘረጋለች፣ እንድሪስ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳሱን ያያል፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው። እኔን አያዩኝም፤ የሚያዩት ስልካቸውን ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሳስነጥስ “ይማርህ” የሚለኝ ሰው ነበር።

ሐያት፦ አሁንስ?

ጋሽ ይመር፦ አሁን አስነጥስና ዝም እላለሁ። ከተቃጠለ ወዲህ በየስልካቸው ካርድ እየሞሉ ጓሮ ተቀመጡ። እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ድምፁን አስጮኸዋለሁ፣ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል። ለማን እንዲመስል እንደሆነ ግን እንጃ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እኔን ነው፤ ልጄም የልጅ ልጆቼም ጓሮዬ ተቀምጠው ብቻዬን ነኝ።

ሐያት፦ ይሄን ለእንድሪስ ነግረውት ያውቃሉ?

ጋሽ ይመር፦ ምን ብዬ? “ልጄ፣ ሲመሽ ይጨንቀኛል” ልበለው? ይሄን አፉን ሞልቶ የሚናገር አባት አይተሻል? ዕድሜዬን ሙሉ መናኸሪያ ቆሜ ሰው ሸኝቻለሁ። ወልዲያ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ እያልኩ ስጮህ እውልና፣ ሁሉም ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። አልከፋኝም ነበር። ያኔ ቤት ስገባ ዘምዘም “ማንን ሸኝተህ መጣህ?” ትለኝ ነበር።

ሐያት፦ ጋሽ ይመር፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። እርስዎስ ሄደው ያውቃሉ?

ጋሽ ይመር፦ ወዴት?

ሐያት፦ ጓሮ። እነሱ ቤት።

ጋሽ ይመር፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

ሐያት፦ የልጅዎ ቤት እኮ ነው!

ጋሽ ይመር፦ የልጄ ብቻ ቢሆን መች ጨነቀኝ። የምራቴ ቤት ነው። አማት የምራቱን ቤት ዘው ብሎ አይገባም፤ እሷ ሻሿን ትፈልጋለች፣ ወንበር ታራግፋለች፣ ምን ላቅርብ ትላለች። ሽማግሌ ቤቱ ተቀምጦ ይጠየቃል እንጂ እየዞረ አይጠይቅም። አባቴም እንዲህ ነበር።

ሐያት፦ አባትዎ ጋ ይሄዱ ነበር?

ጋሽ ይመር፦ በዒድ በዒድ።

ሐያት፦ በመሃልስ?

ጋሽ ይመር፦ በመሃልማ ሥራ ነበረብኝ... አንቺ ግን ኢንተርኔት ልትገጥሚ ነው ወይስ ልትመረምሪኝ የመጣሽው?

ሐያት፦ እኔም ከእርስዎ አልሻልም። እናቴ ወረባቦ ናት። ስደውልላት “ማን ልበል?” ትለኛለች። ቁጥሬ ጠፍቶባት አይደለም፣ ልትወጋኝ ነው። የሰውን ቤት ሁሉ ሳገናኝ እውልና የተከራየኋት ክፍል ስገባ የማወራው ከምጣዴ ጋር ነው። እዚያ ዋይፋዩ ጥግ ድረስ ይደርሳል፤ ክፍሏ ጥግ እንጂ ሌላ ምን አላት።

ጋሽ ይመር፦ እኔ ጋ ነይ እንግዲህ። ቢያንስ ስታስነጥሺ “ይማርሽ” እልሻለሁ።

ሐያት፦ በእርግጥ እመጣለሁ።

ጋሽ ይመር፦ እመጣለሁ ያለ ሁሉ እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ ግን ደስ ይላል። በይ አሁን ነገሩ ገብቶሻል። ትንሹን ስቀይልኝ። ለእንድሪስ “ትልቁም ቢሆን ግድግዳው አያሳልፈውም” በይው። አንቺን ያምንሻል።

ሐያት፦ አልችልም።

ጋሽ ይመር፦ ለአንድ ሽማግሌ አንዲት ውሸት! አላህም ይቅር ይልሻል።

ሐያት፦ ውሸቱ አይደለም የጨነቀኝ። ይሄን ልነግርዎት አልነበረም ጋሽ ይመር፣ ከእኔም አልሰሙም።

ጋሽ ይመር፦ ምኑን?

ሐያት፦ እንድሪስ ሲደውልልኝ መሃል ላይ ሉባባ ስልኩን ተቀበለችው። ሥራዋ ከአዲስ አበባ ድርጅት ጋር ነው አይደል? ደንበኛ ይደውላል፣ እሷ ትመልሳለች። እዚህ ሳሎን ስትሠራ ኳሱ ይጮኻል፣ ልጆቹ ይጣላሉ፣ ቴሌቪዥኑ በዚያ ላይ። አለቃዋ “ከገበያ ነው እንዴ የምትሠሪው?” ብሎ አስጠንቅቋታል። አሁን ደግሞ በስልክ ካርድ ስትሠራ ደንበኛው እያወራ ይቆረጥባታል። ሥራው ከእጇ ሊወጣ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ለምን አትነግረኝም? ቴሌቪዥኑን ጥርቅም አደርገው ነበር!

ሐያት፦ “አማቴን በገዛ ሳሎናቸው ድምፅ ቀንሱ ልበላቸው?” ነው ያለችኝ። አንዳችሁ ከአንዳችሁ ትብሳላችሁ።

ጋሽ ይመር፦ እና ምን አሰበች?

ሐያት፦ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት አይተዋል። የኢንተርኔት መስመር የገባለት ቤት ነው። ዛሬ እኔ የምገጥመው ጓሮ በደንብ ከደረሰ ይቀራሉ። ካልደረሰ ነገ ለአከራዩ እሺ ይሉታል።

ጋሽ ይመር፦ ሊለቁ ነው?

ሐያት፦ መልቀቅ ፈልገው አይደለም። “አባን ጥለን እንዴት እንሄዳለን?” እያለች ነው ያወራችኝ።

ጋሽ ይመር፦ ልጆቹንም ይዘው?

ሐያት፦ ልጆቹን የት ይተዋሉ ጋሽ ይመር?

ጋሽ ይመር፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ዘምዘም ሆይ፣ ትሪሽን ምን ላይ እንዳዋልኩት አየሽ? በእንግዳ ማስተናገጃ ልጆቼን ላባርርበት!

ሐያት፦ ገና አልሄዱም እኮ።

ጋሽ ይመር፦ ውሃ ስጪኝ... አልፈልግም፣ ተይው። ቀንዳሙን ክፈቺ።

ሐያት፦ ትልቁን?

ጋሽ ይመር፦ አዎ። ትንሹን ከፊቴ አንሺልኝ።

ሐያት፦ እሺ። ይቺን የስልክ ሽቦ ይያዙልኝ። አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እሞክረዋለሁ፣ መስቀያውን በኋላ እንመርጣለን። ይኸው፣ በራ።

ጋሽ ይመር፦ ብልጭ ብልጭ ይላል። ታመመ እንዴ?

ሐያት፦ መስመር እየፈለገ ነው። ሲያገኝ ይረጋል።

ጋሽ ይመር፦ ብዙ ፈለገ እኮ።

ሐያት፦ ትዕግስት ነው። ሽቦው አርጅቷል... ይኸው፣ ረጋ።

ጋሽ ይመር፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እውነት አሁን ኢንተርኔት ከዚህ እየወጣ ነው?

ሐያት፦ እየወጣ ነው። ስም እናውጣለት፤ ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ስም ነው። ፋብሪካው ያወጣለት ቁጥር ብቻ ነው።

ጋሽ ይመር፦ መናኸሪያ በይው።

ሐያት፦ መናኸሪያ? ጥሩ ነው፤ ሁሉም የሚገናኝበት።

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ተሳፍረሽ እንጂ ሠርተሽበት አታውቂም። መናኸሪያ ሰው የሚሄድበት ነው። ግን ተይው፣ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

ሐያት፦ ጻፍኩት። አሁን የይለፍ ቃል። የፋብሪካውን መተው አይገባም፣ ማንም ያውቀዋል። ለእርስዎ የሚቀል ይንገሩኝና ለእንድሪስ በመልእክት እልክለታለሁ።

ጋሽ ይመር፦ አትላኪለት!

ሐያት፦ ለምን?

ጋሽ ይመር፦ እኔ ብቻ ልያዘው። የፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ። በሩን ያንኳኳል፣ ይቀመጣል፣ እኔም ቀስ ብዬ ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ።

ሐያት፦ አንዴ ካስገቡት ስልካቸው አይረሳውም። ሁለተኛ አይጠይቅዎትም።

ጋሽ ይመር፦ አንዴ ብቻ?

ሐያት፦ አንዴ ብቻ።

ጋሽ ይመር፦ መቀየር ይቻላል ወይ?

ሐያት፦ ይቻላል።

ጋሽ ይመር፦ በየቀኑ?

ሐያት፦ ጋሽ ይመር! ይሄ እኮ ሦስተኛው ትሪ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እውነትሽን ነው። ላኪለት። ላኪለትና ልረፍ።

ሐያት፦ ላክሁለት። አሁን መስቀያው። ሁለት ምርጫ አለን። አንደኛው እዚሁ ሳሎን፣ ከፍ አድርጌ መስኮቱ ላይ እሰቅለዋለሁ። ከቡፌ ውጭ፣ ያለ ዳንቴል። ጓሮ ይደርሳል፣ ግን ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አልፎ ነው የሚደርሰው። ለልጆቹ ይበቃቸዋል።

ጋሽ ይመር፦ ለሉባባስ?

ሐያት፦ አንዳንዴ ይደክምባት ይሆናል። እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እና ቧንቧ ውሃ ትሄዳለች። ሁለተኛውስ?

ሐያት፦ የስልኩን ሽቦ ከዚህ ቀጥዬ፣ በጣሪያው ሥር አሳልፌ ጓሮ አደርሰዋለሁ። ራውተሩ እነሱ ቤት፣ ሉባባ የምትሠራበት የውስጠኛው ክፍል ይሰቀላል። ለእሷ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ቧንቧ ውሃ ካለው ይበልጣል። ጉዳቱ ለእርስዎ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ለእኔ ምን ያደርገኛል?

ሐያት፦ እዚህ ሳሎን እምብዛም አይደርስዎትም። ስልክዎ ላይ መንዙማ ቢከፍቱ ይቆራረጣል። ፎቶ ቢላክልዎትም አይከፈትልዎትም።

ጋሽ ይመር፦ እዚህ አይሠራም ማለት ነው።

ሐያት፦ እዚህ አይሠራም። እርስዎ ነዎትና ባለቤቱ፣ እርስዎ ይምረጡ። መስኮቱ ላይም ቢሆን አይከፋም፤ ምናልባት ይበቃት ይሆናል።

ጋሽ ይመር፦ በምናልባት አልተዋቸውም። ሽቦሽ ይበቃል?

ሐያት፦ ይተርፋል። ግን እርስዎስ?

ጋሽ ይመር፦ እኔማ እዚህ ካልሠራልኝ የሚሠራበት መሄዴ ነዋ። ኢክራም ምን ብላ መጣች? “እኛ ቤት ይቆራረጣል፣ እዚህ ልቀመጥ?” እኔም ያንኑ እላለሁ።

ሐያት፦ የምራትዎ ቤት? ሳይጠሩዎት?

ጋሽ ይመር፦ መንዙማዬን ልሰማ እንጂ ልጠየቅ አልሄድ። ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ድምፄንም አላሰማ። እሷ ሥራዋን ትሥራ።

ሐያት፦ ደስ ይላታል ጋሽ ይመር።

ጋሽ ይመር፦ ባይላትስ?

ሐያት፦ እሱን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሽቦ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እሱም ልክ ነው። በይ፣ ቀንዳሙን አንቺ ያዢ፣ የሽቦውን ጥቅል ለእኔ ስጪኝ።

ሐያት፦ ይከብድዎታል።

ጋሽ ይመር፦ ስጪኝ። ባዶ እጄን ከምገባ ይሻላል። ቆይ፣ ኮፍያዬ የት አለ? ጃኬቱስ ይሻላል ወይ?

ሐያት፦ ግቢው ውስጥ እኮ ነን።

ጋሽ ይመር፦ ይሁን፣ ጃኬቱን ልልበስ... ተነሺ እንሂድ። ቀስ ብለሽ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ሐያት፦ ይኸው በሩ። የሉባባ ድምፅ ይሰማል፤ ውስጥ ናት። ያንኳኩ እንጂ ጋሽ ይመር፣ ምን ቆሙ?

ጋሽ ይመር፦ አንቺ አንኳኪልኝ። እኔ ካንኳኳሁ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል።